የዘጠና ስድስት ከመቶው ጀግና

ስሙ ማን ነበር ብትሉኝ እኔም እንጃ። ሚስቱ እንኳ ስትናደድበት ካልሆነ በስሙ አትጠራውም። ለጤና ጣቢያውም ለሰፈሩም «ዘጠና ስድስት» ነው፤ በቃ። ስሙን ያመጣበት የራሱ አፍ ነው። «እንዴት ዋልክ?» ሲሉት «ዘጠና ስድስት ከመቶ!» እያለ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አስከሬን ፊት ቆሞ «በኛ ክፍል እኮ ከመቶው ዘጠና ስድስቱን እናድናለን» እያለ ሰዉን ሲያሰለቸው፣ በመጨረሻ ቁጥሩ ተለጠፈበት። ሰው ሊያሾፍበት ያወጣውን እሱ ማዕረግ አድርጎ ተቀበለው።

ሥራው የቲቢ ክፍል ኃላፊነት ነበር። ክፍሉ በኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ ነፋስ እንዲገባ መስኮቱ ክረምት ከበጋ አይዘጋም፤ በሩ ላይ ፀሐይ ያጠወለገው የሳንባ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከውጭ ደግሞ አፋቸውን የሸፈኑ ሰዎች የሚደረደሩበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ታማሚዎቹ እዚያ ተቀምጠው ተራቸው ሲደርስ ክኒናቸውን በነርስ ፊት ይውጣሉ። ይህ ለወራት ነው። አሰልቺ ነው፤ ያቅለሸልሻል፤ ሽንት ያቀላል። ግን ያድናል።

አንድ አገር ቲቢን እያሸነፈ ይሁን እየተሸነፈ የሚያውቀው በዚህ ነው፦ መድኃኒት ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ዳነ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ አቋርጦ ጠፋ፣ ስንቱ ላይ መድኃኒቱ እንቢ አለ። የየጤና ጣቢያው ቁጥር ወደ ላይ ይላካል፤ ላይ ይደመራል፤ ከአምናውና ከካቻምናው ጋር ይተያያል። ቁጥሩ ሲወጣ «አገሩ ተሻለው» ይባላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማን ይጠላዋል? ጣጣው የሚመጣው እንደኛ ዘጠና ስድስት ያለው ሰው እጅ ሲገባ ነው።

ሰውዬው ከልጅነቱም ላይ ላዩን የሚኖር ሰው ነበር። እናትና አባቱ ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጉት ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ። ስለ እሳቸው ሳወራ አፌን ሰብሰብ አደርጋለሁ፤ አክብሮት ይገባቸዋላ። በአንዲት የእግር መኪና ያረጀ ኮሌታ ሲገለብጡ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ፣ ያንን ልጅ አብልተው፣ አልብሰው፣ የነርስ ትምህርት ቤት አስገቡት። እሱ ግን ደብተሩን በላስቲክ ለብዶ፣ አርእስቱን በቀይ አስምሮ፣ ውስጡን ከጓደኛው ይገለብጣል። መምህሩም «ንጹሕ ሥራ!» ይሉታል። ንጹሕ! ይቺን ቃል ያን ጊዜ ቀምሶ እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም።

ዘጠና ስድስትን እንዴት እንደሚያገኛት ልንገራችሁ። ሁለት መላ ነበረው።

አንደኛው ቀላል ነው። የሚሞት የሚመስለውን አይቀበልም። አጥንቱ ገጥጦ፣ ተደግፎ የመጣውን ሰው ከበር ላይ አይቶ፣ ፊቱን በማር ቀብቶ «አባባ፣ ታች ያለው ጤና ጣቢያ ለቤትዎ ይቀርባል፤ እዚያ ይሻልዎታል» ይለዋል። ጀምሮ የከፋበትንም የዝውውር ወረቀት ያስይዘዋል። የተዛወረ ሰው ቢሞት የሚሞተው በሌላ ሰው ሒሳብ ነዋ!

ታች ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁጡ፣ አጭር፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው አንዲት ሲስተር ነበረች። የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። ሰካራሙን፣ ሽማግሌውን፣ እሱ የገፋውን። የቀረባትን እየዞረች ከቤቱ ትጎትተዋለች። የማይድነው ግን አይድንም፤ ስለዚህ ቁጥሯ ከሰባ አንድ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። የኛው ጀግና «ሰባ አንዷ» ይላታል። በስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ በአፍንጫው ሳቅ ይላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ እሱ ደግሞ የራሱን ያረረ ሰው ቤት አራግፎ «ድስትሽ ሸተተ» የሚል ዓይነት ነው።

ሁለተኛው መላ ዘበኛው ነው። አትሳቁ፤ ዘበኛው! አንድ ሰው «ድኗል» እንዲባል በአምስተኛው ወርና በመጨረሻው አክታው ተመርምሮ ንጹሕ መሆን አለበት። የተሻለው ሰው ደግሞ አይስልም፤ «አክታ አምጣ» ሲሉት ምራቁን እንትፍ ብሎ ይመጣል። ላቦራቶሪው «ይህ ምራቅ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ታዲያ ዘጠና ስድስት አንድ ቀን በመስኮት ሲመለከት፣ ዘበኛው ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆሞ የጠዋት ሲጋራውን ካጨሰ በኋላ ጉሮሮውን ሲጠርግ አየው። ምን የመሰለ አክታ! ወፍራም፣ ብዙ፣ ደግሞም ሰውዬው ከሲጋራው በቀር በሽታ የለበትም። ብልቃጦቹን ከክፍሉ ወደ ላቦራቶሪ የሚያመላልሰው ደግሞ ራሱ ዘበኛው ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይመቻል?

«አክታ እንቢ ያላቸው ካሉ አንተ እርዳቸው» አለው።

«ጣጣ የለውም ጌታዬ» አለ ዘበኛው። መርዳት ይወድ ነበር።

መጀመሪያ ለዳኑት ብቻ ነበር። ከዚያ የሚድኑ ለሚመስሉትም ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ከፍተኛ ንዴት ላይ ሆኖ «ከአምስተኛ ወር በኋላ ቆሻሻ አክታ በዚህ ክፍል ማየት አልፈልግም!» ብሎ ጮኸ። ጮኾም ረሳው። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ሰውዬው ቁጥሩን እንደሠራው ረስቶ እንዳገኘው ማመን ጀመረ። ከውሸታም የሚከፋው የራሱን ውሸት ያመነ ነው፤ ይሄኛውን በምን ትመልሰዋለህ?

ታላቅ ወንድሙ ሳል የያዛቸው ይህን ጊዜ ነው። ሲመረመሩ ቲቢ ሆነ። ዘጠና ስድስት ደስ አለው ማለት ይቻላል። «ጋሼ፣ ምንም አይስጉ፤ በኔ እጅ ነው ያሉት» አላቸው። እሳቸውም አልሰጉም። ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ክኒናቸውን ይውጡ ነበር፤ አጠገባቸው ለሚቀመጠውም ሁሉ «ያ ነጭ የለበሰው ወንድሜ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት» ይሉ ነበር። አንድ ቀን አልቀሩም። ይህን ልብ በሉ፤ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። አንዳንዱ ጀርም መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ይገኛል፤ ተራው ክኒን አይበግረውም። ያንን የሚያጋልጠው የአምስተኛው ወር አክታ ነው፤ ለዚያም ነው የሚመረመረው፤ ለዋንጫ አይደለም።

የጋሼ አክታ ንጹሕ ሆኖ መጣ። የመጨረሻውም ንጹሕ። ዘጠና ስድስት ወንድሙን አቅፎ ሳማቸው፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ድነዋል ጋሼ!»

ጥቂት ወራት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን የጋሼ ሚስት በኮሪደሩ ፈጠን ፈጠን እያሉ መጡና አግዳሚውን አልፈው ቀጥ ብለው ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ወንድምህ አልዳነም» አሉት።

«እትዬ፣ ውጤቱ እኮ ንጹሕ ነው።»

«ውጤቱን ተወው! ትራሱ በላብ ርሶ ነው የሚያድረው። ሱሪውን በገዛ መኪናው ደጋግሞ አጠበበው፤ አሁንም ከወገቡ ይወርዳል። ይሄ የዳነ ሰው ነው?»

«የጨርቅ ብናኝ ነው እትዬ። ልብስ ሰፊ ሁሉ ይስላል። እርስዎ ከላቦራቶሪ ሊበልጡ ነው?»

 «እኔ እንጃ፤ አንተ ታውቃለህ» ብለው ወጡ። አነጋገራቸው ግን የሚያምን ሰው አነጋገር አልነበረም።

ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ እትዬ አይፍሩ። የጋሼን ነገር እኮ እኔ እንደ ነፍሴ ነው የያዝኩት» አለ።

«የምኑን ነገር?»

«የአክታውን ነዋ! የሌላውን አንዳንዴ ሥራ ሲበዛብኝ እንዳለ አስገባለሁ፤ የእሳቸውን ግን መቼም አላደርገውም። የጠዋቱን፣ የመጀመሪያውን፣ ወፍራሙን ነው የሰጠሁላቸው። የጌታዬ ወንድም አይደሉ?»

ዘጠና ስድስት በሩን ዘጋው። «ማን... ማን አድርግ አለህ?»

«እንዴ! ‹ከአምስተኛ ወር በኋላ ቆሻሻ አክታ ማየት አልፈልግም› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ወይ ነዶ! ሰው በቆፈረው ጉድጓድ ሲገባ ማየት ያስደስታል ይባላል፤ እዚህ ግን የገባው እሱ ቢሆን ምናለበት፤ የገቡት ጋሼ ናቸው።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረበት አንድ ነገር ነው። «ሕክምናው አልሠራም፤ አክታው የእሳቸው አልነበረም» ብሎ ጽፎ፣ ወንድሙን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ። እዚያ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል፤ ከሆነም ሌላ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት አለ፤ ሰው ይድንበታል። አላደረገውም። የአንዱ ብልቃጥ ነገር ከተነሣ የሁሉም ይነሣል። ለዓመታዊው ግምገማ ደግሞ የቀረው ጥቂት ወር ነው፤ «ዘንድሮ ዋንጫው የአንተ ነው» የሚል ሹክሹክታ ደርሶታል። የቆርቆሮ ዋንጫ! አበባ ለማስቀመጥ እንኳ የማይሆን!

ከቀትር በኋላ ወደ ወንድሙ ሱቅ ሄደ። ጋሼ የተማሪ ሱሪ እየዘመዘሙ ነበር፤ መኪናዋን ጥቂት ይረግጡና ያቆማሉ፤ በቁራጭ ጨርቅ አፋቸውን ይይዛሉ፤ እንደገና ይረግጣሉ። ወንድማቸውን ሲያዩ ተነሥተው ወንበሩን ሊለቁለት ሞከሩ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ነገ ታች ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሲስተሯ ጎበዝ ናት።»

«ሰባ አንዷ? ሁልጊዜ የምትስቅባት?»

«እ... አዎ። ብቻ ስሜን አያንሡ። ‹ከዚህ በፊት ወስደው ያውቃሉ?› ካለችዎት ‹አላውቅም› ይበሉ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «መዋሸት እኮ አልችልበትም።»

«ውሸት አይደለም ጋሼ፤ አሠራር ነው።»

«አሠራር ከሆነስ... እሺ። አንተ የተማርከው ታውቃለህ» አሉና ወደ ሱሪያቸው ተመለሱ።

የሚያደርገውን አያውቅም ነበር እንዳትሉኝ። አሳምሮ ያውቃል! በየሥልጠናው ሲያነበንበው ኖሯል፦ በፊት የታከመ ሰው ከሆነ ወዲያው ለመድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይመረመራል፤ አዲስ ከሆነ ግን ያንኑ ተራውን ክኒን ይጀምራል። ወንድሙን «አዲስ ነኝ ይበሉ» ብሎ መላክ ማለት ያንን የማይሠራ ክኒን እንደገና አስጀምሮ ወራታቸውን ማቃጠል ማለት ነው። «ሴትዮዋ ጠንቃቃ ናት፤ ትደርስበታለች» አለ ለራሱ። አያችሁ? ሲንቃት በኖረችው ሴት ጭንቅላት ላይ የወንድሙን ነፍስ አንጠልጥሎ እሱ ለዋንጫው ከረባት ሊገዛ ሄደ።

ሲስተሯ ደረሰችበት። ግን ዘገየች፤ አምናቸው ነበርና። ጋሼ ተራውን ክኒን ጀምረው በሁለተኛው ወር ጭራሽ ሲከሱባት፣ ታማሚ ሁሉ የሚፈራውን ነገር አንሥታ፣ «የሽንትዎ መቅላት አስፈርቶዎት ነው እንዴ ክኒኑን ወጥተው የሚተፉት?» አለቻቸው።

«ኧረ ልጄ፣ አንድ ቀን አልተፋሁም! መቅላቱንስ አምና ለምጄው የለ እንዴ» አሉ።

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ወረወረችው። «አምና?»

ጋሼ እንደ ሕፃን አቀርቅረው ሁሉንም ነገሯት። የወንድማቸውን ስም ግን ሲናገሩ፣ «ክፉ አስቦ አይደለም፤ አሠራር ነው ብሎ ነው» አሉ። እዚያ ድረስ! በዚያው ቀን አክታቸው ለምርመራ ተላከ፤ የተላመደ ሆኖ ተገኘ፤ ሆስፒታል ገብተው ጠንካራውን መድኃኒት ጀመሩ። ሲስተሯ ለዘጠና ስድስት ስልክ ደወለች። «ወንድምህ ተኝተዋል፤ ና» አለችው። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አላት። ዋሽቶም አልነበረም፤ ስለ ዋንጫው አሰጣጥ ነበር የሚሰበሰቡት።

ጋሼ የሚቋቋሙበት አቅም አልቆባቸው ነበር። ከተኙ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ዘጠና ስድስት ቀብር ላይ ራሱን እስኪስት አለቀሰ፤ ሁለት ሰው ደግፎ ነው የወሰደው። እትዬ ግን አላለቀሱም። ሊስማቸው ሲጠጋ ፊታቸውን መለሱበት።

የግምገማው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ግድግዳው ላይ የየጤና ጣቢያው ቁጥር በየዓመቱ እንዴት እንደወጣና እንደወረደ በቀለም በቀለም ይታያል። የኛው ሰውዬ መስመር ከላይ እንደተሰቀለ ቀጥ ብሎ ሄዷል። የሲስተሯ ሰባ አንድ ላይ ደርሶ ዘንድሮ ወደ ሰባ ዝቅ ብሏል። ከበላይ የመጡት ሹም በዘንጋቸው ያንን ዝቅታ ነካ ነካ አደረጉት።

«ምነው ሲስተር? አገር ወደ ላይ ሲሄድ አንቺ ቁልቁል?»

ሲስተሯ ተነሣች። «ሰው ሞተብኝ ጌታዬ።»

«ሰውማ ለሁሉም ይታመማል። ለሌላው የማይሞተው ላንቺ ለምን ይሞታል?»

«ለሌላው የሚሞተው እኔ ዘንድ ስለሚላክ ነዋ! ዘንድሮ ከሞቱብኝ አንዱ የዚህ ሰውዬ ታላቅ ወንድም ናቸው» አለችና ጣቷን ዘጠና ስድስት ላይ ቀሰረች። «እሱ ዘንድ ታክመው ‹ድነዋል› ተባሉ። ሳይድኑ ቀሩ። ‹ታክሜ አላውቅም ይበሉ› ብሎ ወደኔ ላካቸው። ያ ነው የገደላቸው። በገዛ አንደበታቸው ነው የነገሩኝ። ይኸው አለ፤ ጠይቁት!»

 ሹሙ ዘንጋቸውን አወረዱና ወደ እሱ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ተነሣ። ከረባቱን ነካ አደረገ።  አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ ሰውዬው ሞተዋል፣ አይመለሱም፤ ግን ስማቸውንና እውነታቸውን ይመልስላቸው ነበር። ከመላው ሕይወቱ ውስጥ ሰው ለመሆን ያገኘው ዕድል ያቺ ብቻ ነበረች። ዋንጫው ግን ጠረጴዛው ላይ ያበራል።

«ጋሼ...» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ጋሼ በመጨረሻው ሰዓት ይቃዡ ነበር።»

እናም አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። «ምስኪን! ወንድሙን ያህል ቀብሮ» አለ አንዱ ከኋላ። ሹሙ ሲስተሯን በቁጣ አይተው «ሐዘን ላይ ያለን ሰው! ነውር አይደለም?» አሏትና ሁሉም ለሟቹ በኅሊና ጸሎት እንዲቆም አደረጉ። ቆሙ። ሲቀመጡ ዋንጫው ተሰጠው፤ እጁን እየጨበጡ «እግዜር ያጽናህ» ይሉት ነበር። እሱም ለእያንዳንዱ «አሜን» እያለ ተቀበለ።

ሲስተሯ ጭብጨባውን አልጠበቀችም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ጤና ጣቢያዋ በር ላይ የዝውውር ወረቀት ይዘው የሚጠብቋት ሰዎች ነበሩ።